የሚያልቀው አልቋል

መድኃኒት የሚሠራው በኪሎ ሜትር ነው። ይሄን የነገረኝ ሐኪም የለም። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ቤት ሠርቶ ዕድሜውን በሙሉ በሽተኛ ሲወርድና ሲሳፈር ያየ ሰው ግን ሐኪም እስኪነግረው አይጠብቅም። የገሱባ ሰው ወገቡን ሲያመው እዚያው ገሱባ የሰጡትን ነጭ ኪኒን ይንቅና በዚያ መንገድ እየተንገጫገጨ ሶዶ ይመጣል። ሶዶ ያቺኑ ነጭ ኪኒን ይሰጡታል፣ ተሽሎት ይመለሳል። የሶዶ ሰው ደግሞ የሶዶዋን ይንቅና ሀዋሳ ይሄዳል፣ የሀዋሳው አዲስ አበባ ይሄዳል። የአዲስ አበባው የት እንደሚሄድ አላውቅም፣ እዚያ ድረስ ዘመድ የለኝም። ኪኒኗ ግን አንድ ነች። እሷ የትም አትሄድም፣ ባለችበት ቁጭ ብላ ሰውን ታመላልሳለች።

መርፌማ ሌላ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ኪኒን የሰጠ ሐኪም «አየኝ» ነው የሚባለው፣ መርፌ የወጋ ሐኪም ግን «አከመኝ» ይባላል። መርፌው ሲገባ ካላሳመመ ደግሞ ቅሬታ አለ። እኔ አንድ ጊዜ እጇ ላባ የሆነ ነርስ ወግታኝ፣ በር ላይ ከደረስኩ በኋላ ተጠራጥሬ ተመልሼ «ወጋሽኝ ወይስ ገና ነሽ?» ብያታለሁ። ወግቻለሁ አለች። አላመንኳትም። ራስ ምታቴም አላመናትም፣ አብሮኝ ቤት ገባ።

አትሳቁ። እናንተ የተማራችሁትም ፋርማሲ ገብታችሁ «ኦርጅናሉ ነው?» ትላላችሁ። «አዎ፣ ኦርጅናል ነው» ሲሏችሁ ገና ሳትውጡት ፊታችሁ ሲፈታ አይቻለሁ። እኛ ኪሎ ሜትር እንላለን፣ እናንተ ኦርጅናል ትላላችሁ።

ይሄን ሁሉ የማወራው ወደ አልታዬ ጉልበት ለመድረስ ነው። ደርሰናል።

አልታዬ የባሌ ታላቅ እህት ናት። ባሌ ካረፈ ቆየ፣ መሬት አልተወልኝም፣ እህቱን ተወልኝ። ገሱባ አጠገብ ጓሮዋ በእንሰት ተከቦ ብቻዋን ትኖራለች። እኔ የማወራውን ያህል እሷ ዝም ትላለች፣ ሁለታችን ተደምረን ለሁለት ብንካፈል ጥሩ ሁለት ሴት ይወጣናል። አንቱ ልላት ሞክሬ ነበር ያኔ ሙሽራ ሆኜ፣ ዞር ብላ ማንን ነው ብላ ፈለገች። ስለዚህ የማቴዎስ እናት እላታለሁ። እሷ እስከ ዛሬ የወንድሜ ሚስት ነው የምትለኝ፣ ወንድሟ ባይኖርም።

ጉልበቷ የታመመው ቀኙ ነው። ይሄ ለከተማ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል፣ ግራና ቀኝ ጉልበት አንድ ነው ይል ይሆናል። እንሰት ፍቃ የምታውቅ ሴት ግን ይገባታል። እንሰት ሲፋቅ ዘመም ብሎ የቆመ ሳንቃ አለ። ሴትየዋ ከፊቱ መሬት ላይ ትቀመጣለች፣ ከግንዱ የተላጠውን ሳንቃው ላይ ታነጥፍና አንድ እግሯን ሽቅብ ዘርግታ ጫፉን ትረግጠዋለች፣ ከዚያ በእጇ ወደ ታች መፋቅ ነው። እግር ካልወጣ እንሰቱ አይያዝም፣ እንሰቱ ካልተያዘ ቆጮ የለም። አልታዬ የምትረግጠው በቀኟ ነው። በግራዋ ሞክራ ነበር፣ አንድ ሙሉ ቀን ስትሠራ ውላ ያገኘችው ቆጮ ለዶሮ ቁርስ አይበቃም።

አንድ ልጇ ማቴዎስ ሶዶ ቢሮ ይሠራል። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ቀላል ነበር፣ ክፉ ልጅን ሽማግሌ ይመክረዋል፣ ጥሩን ልጅ ማን ደፍሮ ይመክረዋል? ቤት ሲሠራ ለእናቱ ብሎ ከኋላ ሰርቪስ አወጣ፣ ወለሉን ሴራሚክ አደረገው፣ መብራቱን አልጋዋ ላይ ሆና እንድታጠፋው አድርጎ አስገጠመ። ከዚያ ቁርጡን ተናገረ። ጉልበትሽ እንደዚህ ከሆነ ጊፋታ ሳይገባ ትመጫለሽ፣ ጓሮውን ለጎረቤት የእኩል እንሰጠዋለን፣ ቤቱን እንዘጋዋለን አለ። ጊፋታ የኛ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፣ መስከረም ላይ። እሱ አዲሱን ዓመት እናቱን ይዞ መጀመር ፈለገ። ጥሩ ልጅ ነው አልኳችሁ።

አልታዬ ሴራሚኩን ስታይ አብሬያት ነበርኩ። በከዘራዋ ቆርቆር አደረገችው።

«እዚህ ላይ ምን እተክላለሁ?» አለች። 

መጀመሪያ ሐኪም ጋ የወሰዳት ማቴዎስ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ወላይትኛው «ሳሮ» ብሎ ይጀምርና «ሎኦ» ላይ ያልቃል፣ ሰላም እና ጥሩ ነው ማለት ነው። በሁለቱ መሀል ያለውን ሕመም የሚያስተረጉምለት ሰው ያስፈልገዋል። ጨዋ ልጅ ነው፣ አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፣ አይዋሽም። የጉልበቷን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ፣ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳው ነገር አልቋል አለ። መድኃኒቱ አያድነውም፣ ሕመሙን ግን ሊቀንስ ይችላል፣ እንደ ሰውየው ይለያያል አለ። እግሯን በየቀኑ እንድትዘረጋና እንድታጥፍም አሳያት።

ማቴዎስ ደግሞ ቢሮው ውስጥ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው እሱ ነው። ቃል አይጨምርም፣ ቃል አይቀንስም። ወደ እናቱ ዞሮ በንጹሕ ወላይትኛ፣ ጉልበትሽ አልቋል፣ መድኃኒቱ አያድንም፣ እንደ ሰውየው ነው አላት።

እሷም አሰበችና ጠየቀችው።

«የቱ ሰውዬ?»

ሰውየው፣ ማለት ባሏ፣ ከሞተ ቆይቷል። ማቴዎስ ዝም ብሎ አባባል ነው ብሎ አለፈው። እሷ አላለፈችውም። ባል ቢኖራት ኖሮ መድኃኒቱ ይሠራላት እንደነበር ገምታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ኪኒኑን በታዘዘው ሰዓት ዋጠች። ምንም። እግርሽንስ ዘረጋሽ ወይ አልኳት በስልክ። ላለቀ ነገር ምን ይዘረጋል አለች። እውነቷን ነው። ያለቀ ሳሙና አንስቶ የሚያሽ የለም። ከበራፏ ላይ ተቀምጣ እንሰቷን ማየት ጀመረች፣ ሰው እንደሚሸኝ ሰው። ጊፋታ ደግሞ እየቀረበ ነበር።

ቀጠሮዋ ሲደርስ እግዜር ማቴዎስን ቢጠና ከተማ ለስልጠና ላከው። ማስተርጎሙ ለኔ ደረሰ።

እንግዲህ ስለ እኔ አስተርጓሚነት ትንሽ ማወቅ አለባችሁ። አማርኛዬን ገበያ ላይ ነው የለቀምኩት፣ ሲለቀም ደግሞ ወንዱና ሴቱ ተደባልቆብኛል። አንድ ጊዜ በመሬት ጉዳይ ችሎት ቀርቤ ዳኛውን «የኔ እመቤት» ብዬዋለሁ፣ ፈረደልኝ። ወሬ ሳወራ ደግሞ ሰዎች የኔን ወሬ ግማሹን ቀንሰው እንደሚወስዱ አውቃለሁ። ስለዚህ የሚቀነሰውን ግማሽ አስቀድሜ እጨምርበታለሁ። ይሄ ውሸት አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ሰሚው ዘንድ ሲደርስ ልኩ ይመጣል።

ባጃጅ ይዘን ሄድን። ሐኪሙ ጋ ሁለት ወንበር አለ፣ አንዱ የበሽተኛ፣ አንዱ የአስተርጓሚ። «ሳሮ» አለን። ከዚያ ያንኑ ፎቶ ሰቀለና ያንኑ ነገር አለ። ለስላሳው ነገር አልቋል። መድኃኒቱ አያድነውም፣ ሊቀንሰው ይችላል። እንደ ሰውየው ይለያያል።

አልታዬ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷን አየሁት። ዓይኖቿ እኔን አያዩም፣ ሴራሚክ ነው የሚያዩት።

«ምን አለ?»

«የሚያልቀው አልቋል ይላል» አልኳት። «ሲያምሽ የከረመው እያለቀ ስለነበረ ነው። አሁን ጨርሷል፣ ከእንግዲህ የሚያልቅ ነገር የለም።»

ልብ በሉ፣ ሐኪሙ ያላለውን ቃል አልጨመርኩም። አልቋል አለ፣ አልቋል አልኩ። ትንሽ ዞር አድርጌ አስቀመጥኩት እንጂ፣ እቃ ሲጠብ ዞር አድርጋችሁ በበር እንደምታስገቡት ማለት ነው። ሊቀንሰው ይችላል ያለውን፣ ይቀንሰዋል፣ የችሎታ ጉዳይ አይደለም፣ ችሎታውማ አለው አልኳት። እንደ ሰውየው ይለያያል የሚለውን ደግሞ፣ በገጠር ሠርቶ ባደገ ሰው ላይ ፈጥኖ ነው የሚሠራው፣ የገሱባ ሰው መሆንሽን ስነግረው ደስ አለው አልኳት። መቼ ነገርሽው ብላ አልጠየቀችኝም።

ሐኪሙ ግን ጠየቀ። «እናቴ፣ እኔ የተናገርኩት አጭር ነው፣ እርስዎ ብዙ ተናገሩ።»

«ወላይትኛ ረጅም ነው፣ ልጄ» አልኩት።

እዚህ ላይ እንዳትታዘቡኝ። ባዶ ሆድ አትውሰጂ ሲል እንዳለ ነው ያቀበልኳት። ሆድሽን ካቃጠለሽ ወይ ካስመለሰሽ አቁመሽ ነዪ ሲልም እንዳለ። እግርሽን ዘርጊ እጠፊ ያለውን እንዲያውም ወንበሬ ላይ ሆኜ እያሳየሁ ነው ያስተረጎምኩት፣ ጫማዬ ተስፈንጥሮ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ትእዛዝ አይነካም። እኔ እጄን ያስገባሁት «ሊሆን ይችላል» የሚባለው ቦታ ብቻ ነው። እዚያ ሰፊ ቦታ አለ፣ ማንም አይቀመጥበትም።

ፋርማሲ ሄድን። የሰጡን ያችኑ ነጭ ኪኒን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንደ ልማዴ ላስፋው እችል ነበር፣ ግን አያስፈልገውም። መጀመሪያ ጎረቤቷ ደውላ፣ አልታዬ እግሯን ስትዘረጋ ስታጥፍ ትውላለች፣ አብዳ ነው ወይ አለችኝ። ቆየት ብላ ደውላ፣ ዛሬ ገበያ ላይ አየኋት አለች። በምን መጣች አልኳት። በእግሯ አለች። ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ደነገጥኩ። ሰው ራሱ በተናገረው ነገር ባይደነግጥ ጥሩ ነበር።

ጊፋታ ሲቃረብ ማቴዎስ አይሱዙ ተኮናትሮ እናቱን ከነዕቃዋ ሊያመጣ ሄደ። እኔም ዕቃ አስተሣሥራለሁ ብዬ ጋቢና ውስጥ ተጨናነቅኩ፣ እውነቱን ለመናገር ግን ለማየት ነው የሄድኩት። ከጓሮ ጠረኑ መጣ፣ ትኩስ የተፋቀ እንሰት ጠረን። ዞረን ስንሄድ አልታዬ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ሳንቃው ፊቷ ቆሟል፣ ቀኝ እግሯ ሽቅብ ተዘርግቶ እንሰቱን ረግጦ ይዟል። ልጇን ቀና ብላ አየችውና እግሯን ሳታወርድ፣ ያንን ቅጠል አቀብለኝ አለችው። አቀበላት። ከዚያ ሌላ ቅጠል አቀበላት። ሸሚዙ ነጭ ነበር።

አይሱዙው ባዶውን አልተመለሰም፣ ቆጮ ጭኖ ተመለሰ። ሰርቪሱ ውስጥ አሁን ብስክሌት ቆሞበታል፣ መብራቱን አልጋ ላይ ሆኖ የሚያጠፋው የለም።

ያቺ ጉልበት ሲሻላት ደግሞ ባለቤት በዛባት። ማቴዎስ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ጸሎታችን ተሰማ ብሎ መሰከረ፣ ምእመኑ አሜን አለ። ሐኪሙ የእንቅስቃሴው ውጤት ነው አለ። ጎረቤቷ የቀባኋት ቅቤ ነው አለች። እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ በፊት ዝም ብዬ ስለማላውቅ ሰዎች ታምሜ መሰላቸው።

እውነትም ታመምኩ። ትከሻዬን።

ዳጣዬን የማስቀምጠው ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፣ የልጅ ልጆቼ እንዳይደርሱበት። ዳጣ ከቀይ ቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ተፈጭቶ የሚሠራ ነገር ነው፣ ያለ እሱ ሥጋም፣ ቦዬ የምንለው የተቀቀለ ሥራ ሥርም ለኔ ጥጥ ነው። አንድ ቀን እጄን ሰደድኩ፣ እጄ ትከሻዬ ላይ ቆመ። ከዚያ በላይ አልወጣም አለ። ልጆቹን አውርዱልኝ እንዳልል፣ ያለበትን ቦታ ሊያውቁ ነው።

ብቻዬን ወደዚያው ሐኪም ሄድኩ። ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነበር። አማርኛ አውቃለሁ፣ ማን ያስፈልገኛል? ትከሻዬን አዟዙሮ አየና፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ላይድን ይችላል፣ ይሄ መድኃኒት ሊቀንሰው ይችላል፣ እንደ ሰውየው ይለያያል፣ ሆድ ሊያቃጥል ይችላል አለኝ። እያንዳንዷን ቃል በሁለት ጆሮዬ ሰማኋት። ሆዴ ያቃጠለኝ ፋርማሲው በር ላይ ነው፣ ገና ሳልገዛው። ትከሻዬ ግን ከኪኒኑ ጋር ጠብም ፍቅርም የለውም፣ ዝም ብሎ ያማል። «ሊቀንሰው ይችላል» ውስጥ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንዳለ ከኔ የተሻለ ማን ያውቃል? እዚያ ቦታ ላይ ዕቃ ሳስገባ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ጊፋታ አልፎ አልታዬ ልትጠይቀኝ መጣች፣ በእግሯ ከመናኸሪያው። ቦዬ ቀቅዬ አቀረብኩ። ሳህኑን አየች፣ መደርደሪያውን አየች፣ ትከሻዬን አየች።

«ተነሺ» አለች። «እኔ አስተረጉምልሻለሁ።»

ሳቄ መጣ። የማቴዎስ እናት፣ ከየት ወደ የት ነው የምታስተረጉሚው፣ አማርኛ የማውቀው እኔ፣ የማታውቂው አንቺ አልኳት።

ቦዬዋን ላጠች። ልጣ እስክትጨርስ ጠበቅኩ። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ሶዶ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ በኖረችበት ዘመን ሁሉ አማርኛ ትሰማ ነበር። አንድ ቃል ግን ተናግራ አታውቅም። የማትሰማ የመሰላቸው ገዢዎች ቅርጫቷ ፊት ቆመው እስከ ስንት ድረስ እንደሚከፍሉ እርስ በእርሳቸው በአማርኛ ይመካከራሉ። አማርኛ አለመቻል ጥሩ ሥራ ነበር አለች።

የያዝኩትን ቦዬ ሳህኑ ላይ መለስኩት። «እንግዲያ ያኔ ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል» አልኳት።

«መጀመሪያ ሐኪሙ አልቋል አለ፣ ልጄም አልቋል አለ። ሁለት ሰው ካለ እኔ ምን እላለሁ? ሁለተኛ ጊዜ ሐኪሙ አልቋል አለ፣ አንቺ ደግሞ ሌላ አልሽ። አንድ ለአንድ ሆነ። ያንቺን ወሰድኩ።»

«ውሸቴን መሆኑን እያወቅሽ?»

«አንቺ ለኔ ብለሽ እዚያ ሰው ፊት ጫማሽ እስኪወልቅ ስትወራጪ እኔ ምን ላድርግ፣ እንዳለቅሁ ልቅር?»

ሳልከራከር ተነሥቼ ነጠላዬን ለበስኩ። ይሄንንም ቀን መዝግቡልኝ።

ሄድን። ሐኪሙ «ሳሮ» አለ። እኔ የበሽተኛው ወንበር ላይ፣ እሷ ሁለተኛው ላይ። ሐኪሙ እንደገና ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ላይድን ይችላል አለ፣ እጄን ግድግዳ ላይ ሽቅብ እንዳስኬድና በልቼ እንድውጥም አዘዘ። አልታዬ እንደ ቄስ ጉሮሮዋን ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች።

«መጣ ነው ያለው» አለች በወላይትኛ። «ተቀመጠ አላለም። እንግዳ ነው፣ ይሄዳል። እንዲያውም ወሬሽ በዝቶበት መውጫውን እየፈለገ ነው ይላል። ኪኒኑ በሩን ነው የሚያሳየው። እጅሽን በየቀኑ ግድግዳ ላይ ሽቅብ አስኪጅው፣ በልተሽ ዋጪ፣ የዳጣው ማሰሮ ጋ ትደርሻለሽ።»

ስለ ዳጣው ሐኪሙ ከየት እንዳወቀ እኔም አልጠየቅኳትም። ባሌ ከኖረበትም ካለፈበትም ዘመን ጀምሮ ከአፏ ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሐኪሙ ግን ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይቅርታ እናቴ፣ እርስዎ እኮ አማርኛ ያውቃሉ። ለምንድነው የሚተረጎምልዎት?»

አንዱ ጆሮዬ አይሰማም አልኩት። የትኛው ብሎ አላስጨነቀኝም፣ ጨዋ ልጅ ነው።

ያችኑ ነጭ ኪኒን ይዤ ገባሁ። የሐኪሙን ቃል እንደሰማሁ አውቃለሁ፣ የአልታዬንም ፈጠራ እንደፈጠረችው አውቃለሁ። ሰው እያወቀ ይሸወዳል ወይ ብትሉኝ፣ ትከሻዬን ጠይቁት። በበልተሽ ዋጪው በላሁ፣ ሆዴም ተረስቶት ነው መሰለኝ አላቃጠለኝም። ግድግዳው ላይ እጄን ሳስኬድ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ አለ፣ ቀለሙ እስከየት እንደተፋቀ አሁንም ይታያል። ዳንኩ አልልም። ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ሲቀመጥ ትከሻዬ ያጉረመርማል። ማሰሮዋን ግን አውርጃታለሁ፣ አሁን ሌላ ቦታ ደብቄአታለሁ።

ለመጨረሻው ቀጠሮ ሁለታችንም አብረን ቀረብን፣ ጉልበትና ትከሻ። ሐኪሙ አገላብጦ አየን፣ ደስ አለው። ይሄ መድኃኒት እናንተ ቤተሰብ ላይ በደንብ ነው የሠራው፣ ሁሉም ላይ እንዲህ አይሠራም፣ እንደ ሰውየው ነው አለ።

ልክ ነህ ልጄ፣ እንደ ሰውየው ነው አልኩት።

የቱ ሰውዬ ብሎ አልጠየቀኝም። አልታዬ አጠገቤ ሁለተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳውን ታያለች፣ አንድም ቃል አማርኛ እንደማይሰማ ሰው።